ሰባ የሞላቸው ይመዝገቡ

ቢቸና፣ መጋቢት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩት የአጎቴ ልጅ ለእትዬ ይርጋነሽ እዮብ
ላይፕዚግ፣ ጀርመን

ጾሙን ያስጀመረን አምላክ ሁላችንንም ለትንሣኤው ያድርሰን፤ እርስዎንም ባሉበት አገር ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ከአምናው ብሶበታል። ሲደውሉልኝ ድምፅዎ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል እንጂ ቃሉ አይለይልኝም። «እሺ፣ እሺ» የምልዎት ሁሉ ሳልሰማ ነው፤ ምን ምን እሺ እንዳልሁ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በደብዳቤ ይሁንልን። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ምንይሉ የእኔን በስልኩ አንስቶ ይልክልዎታል፤ የእርስዎንም አትሞ ያመጣልኛል። ደግ ሰው ነው። ማንበብ ግን ይወዳል።

የኮሮናው ክትባት አገራችን ገብቷል። አሁን የሚከተቡት የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ቀጥሎ ስድሳ አምስት ያለፈን ሽማግሌዎች ነን ይላሉ። የቅኔ ተማሪዎቼ ተከፍለዋል። ግማሾቹ «የኔታ፣ የአውሬው ምልክት ነው፣ እንዳይነኩት» ይሉኛል። እኔም ዮሐንስ በራእዩ «በቀኝ እጃቸው ወይም በግንባራቸው» ነው ያለው፣ እኔ ግራዬን እሰጣለሁ አልኋቸው።

እርስዎስ መቼም ከተከተቡ ቆይተዋል። ሬዲዮው የፈረንጅ አገር ሽማግሌ ሁሉ ተከትቦ አለቀ ይላል። መርፌው ያምማል? ያተኩሳል? ለእኔም መምከሪያ ይሆነኛልና ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
መሪጌታ ስጦታው

*

ላይፕዚግ፣ መጋቢት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሪጌታ ስጦታው

የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎት። ጤንነትዎ እንዴት ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ምንይሉ፣ አንተም እንደምን አለህ? ማንበብህ ካልቀረ ሰላምታ አይቅርብህ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከሥራ እየገባሁ ነበር፤ ኮቴን ሳላወልቅ አነበብኩት። እኔ ገና አልተከተብኩም። እዚህ በተራ ነው። በመጀመሪያ ሰማንያ ያለፉትን ጠሩ። አሁን ደግሞ «ሰባ የሞላቸው ይመዝገቡ» ብለዋል። ምዝገባው በስልክ ነው፤ መስመሩ እስኪነሳ አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙዚቃ ያሰማሉ። ታች የሚኖሩት ጀርመናዊት ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ተከትበዋል። ክንዴን ትንሽ ከበደኝ፣ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ በማግስቱ ለቀቀኝ አሉ። ስለዚህ አይፍሩ።

የእኔ ተራ ሲደርስ እጽፍልዎታለሁ። እርስዎ ግን ስምዎት ሲጠራ እንዳያመነቱ። ያልሰሙት «እሺ» እንዳይሆን፤ ይህን እሺ ሰምተው ይበሉልኝ።

እኅትዎ
ይርጋነሽ

*

ቢቸና፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ

እንደምን ሰነበቱ? ሰላመ እግዚአብሔር አይለይዎ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስት ጊዜም አልገባኝ አለ። «ሰባ የሞላቸው ይመዝገቡ» ካሉ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ? እኔ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እርስዎ ደግሞ እኔን በአንቀልባ አዝለው ሞጣ ገበያ ሲወርዱ ሰው ሁሉ ያየዎት ነው። አዛይቱ ከታዛዩ ታንሳለች ካልተባለ በቀር ሰባ አንድ ሞልተዋል። ፈረንጁ መቁጠር ተሳነው ወይስ እርስዎ መርፌ ፈሩ? መርፌ ከሆነ አልስቅብዎትም። እኔም እፈራለሁ።

ደግሞስ «ከሥራ እየገባሁ» ያሉት ምንድን ነው? በሰባ አንድ ዓመት የምን ሥራ ነው? እኔ እኮ ጡረታ ወጥተው፣ እግርዎን ሰቅለው፣ በመስኮት ዝናብ ሲያዩ ነው የሚታዩኝ። ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ እንደሆነ ይንገሩኝና ደስ ይበለኝ።

ከእኛ ሰፈር ሁለት ሰው በዚህ በሽታ አልፏል። «ሳንባ ነው» ብለው ቀበሩ፤ ሰው ሁሉ ግን ያውቃል። ስለዚህ ተራዎን አያሳልፉ።

ወንድምዎ ስጦታው

*

ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.
(በፖስታ)

ስጦታው፣

ይህን በፖስታ የላክሁት ምንይሉ እንዳያነበው ነው። ዛሬ መሪጌታም እርስዎም አልልህም። አዝዬሃለሁና አንተ እልሃለሁ፤ ስቆጣ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ረስተኸዋል ወይስ የረሳህ መስለህ ነው? በ1975 ዓ.ም. ለጨርቃ ጨርቅ ሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሰው ሲመለምሉ «ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አንወስድም» አሉ። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። አንተ የደብሩ ጸሐፊ ነበርክ። ለመንኩህ። በ1951 ተወለደች ብለህ በማኅተም ጻፍክልኝ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ መስመር! ያን ቀን እግርህን ስሜያለሁ፤ አልክድም።

እዚህ አገር ግን ወረቀት አያረጅም። በወረቀቱ ዛሬ ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ጡረታ የለኝም፤ ጡረታ ለመውጣት ገና አራት ዓመት ይቀረኛል። ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ አጸዳለሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ ስድስት ፎቅ እወለውላለሁ። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ሲለኝ አለቃዬ «በስድሳ ሁለት ይህን ያህል?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ላንተ ሳልነግርህ የኖርኩት እንዳታዝን ብዬ ነው። አሁን ግን ጠየቅከኝ።

ለክትባቱ ሞክሬያለሁ። ስልኩ ሲነሳ እውነተኛውን ዓመት ነገርኳቸውና ቀን ሰጡኝ። ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ መታወቂያ አሉኝ። ልጅቷ መታወቂያውን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች። «ተራዎ ገና ነው» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሽማግሌዎች የነሱን ልሰርቅ የመጣሁ መስሏቸው ዞር ብለው አዩኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አብራኝ የምታጸዳው ቬትናማዊት ደግሞ በፋሲካቸው ሳምንት በዚሁ በሽታ ሞተች። ባልዲዋ እስካሁን ከእኔ ባልዲ አጠገብ ነው። አሁን የእሷን ፎቅ የማጸዳው እኔ ነኝ። እፈራለሁ፣ ስጦታው።

የመጤዎች አማካሪ አለች፤ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አዲስ የተጻፈ የምስክር ወረቀት አይሠራም አለች፤ ከአገሬ ከመውጣቴ በፊት የተጻፈ አሮጌ ነገር ካለ ግን መሞከር ይቻላል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አያታችን አለቃ ኃይለ ሚካኤል የልጅ ልጆቻቸውን ልደት ሁሉ በዳዊታቸው መጨረሻ ቅጠል ይጽፉ ነበር። ዳዊቱ ያንተ እጅ ነው። ያን ቅጠል ፎቶ አንሳልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ይርጋነሽ

*

ቢቸና፣ ግንቦት 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለእትዬ ይርጋነሽ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። የፖስታው ደብዳቤ ከአሥር ቀን በፊት ደረሰኝ። መዘግየቴ በሌላ አይደለም። ክትባቱና የሞጣ መንገድ ይዘውኝ ነው።

ተከትቤያለሁ። እንዴት እንደሆነ ላጫውትዎት። በመጀመሪያ በጾሙ ወራት ተጠርተን ነበር። እኔ ግን መርፌ ጾም ይሽር እንደሆነ ንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «በአፍህ ካልገባ ምን አስጨነቀህ» አሉኝ። ሆኖም በቆረብሁበት ሰሞን ደም ከገላዬ እንዳይወጣ ብዬ ከፋሲካ በኋላ አደረግሁት። ምዝገባው በቀበሌ ነው፤ ስም ጽፈው «ሐሙስ ጤና ጣቢያ» አሉን። ሐሙስ ስንሄድ መድኃኒቱ አልደረሰም። ማክሰኞ አሉን። ማክሰኞ ስሜን ሲጠሩ ሳልሰማ ሦስት ሰው አለፈኝ። በኋላ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ጎሸመኝና ገባሁ። እፀገነት የምትባል ነርስ ናት የከተበችኝ። ዕድሜ ስትለኝ «ስድሳ ሰባት» አልሁ። መታወቂያዬን አልጠየቀችም፤ ሽበቴን አይታ ጻፈች። መርፌው እንደ ትንኝ ነው። ማታ አተኮሰኝ፤ ሚስቴ አጥሚት አጠጣችኝ። ሁለተኛው በሦስት ወር ነው፤ መድኃኒቱ ከተገኘ ብለውናል።

ካገገምሁ በኋላ ሞጣ ሄድሁ። ግንደወይን ላይ መኪና ተበላሽቶብን ግማሽ ቀን ቆመን ነበር። የክርስትና እናትዎን እማሆይ ሰገነትን አገኘኋቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ልባቸው ግን ንጹሕ ነው። «ይርጋነሽማ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው የተወለደችው፤ ክርስትና ያነሳኋት የመጀመሪያ ልጄን በወለድሁ በዓመቱ ነው» አሉኝ። ይመሰክራሉ። ቃላቸውን ጽፌ በደብሩ ማኅተም ላስመታ እችላለሁ።

ክረምቱ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል። ሰብሉ ደህና ነው።

ወንድምዎ ስጦታው

*

ላይፕዚግ፣ ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ስጦታው

ሰላም ለእርስዎ። መከተብዎን ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ከልቤ። እማሆይ ሰገነትም ዕድሜ ይስጣቸው። ግን አዲስ ወረቀት አይሠራም ብዬ ጽፌ ነበር።

ስለ መርፌው ነገሩኝ፣ ስለ አጥሚቱ ነገሩኝ፣ ስለ መኪናውና ስለ ሰብሉ ነገሩኝ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር። ቅጠሉስ?

ይርጋነሽ

*

ቢቸና፣ ሰኔ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ

ሰላምታዬን በመሬት ወድቄ አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልከው ነበር። በኋላ ግን ተውሁት፤ በምንይሉ በኩል ይሂድ አልሁ። ምንይሉ ያንብበው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሸሽጌዋለሁ፤ በቃኝ።

ቅጠሉ የለም። ማለቴ ቅጠሉ አለ፤ የእርስዎ መስመር ግን የለም።

ያኔ የሐሰቱን ወረቀት ጽፌ ማኅተም ከመታሁበት በኋላ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አለቃ ኃይለ ሚካኤል ልደት ይመዘግቡ እንደነበር ከሰው ሰማ። «ዳዊቱን አምጣና እናስተያይ» አለኝ። ለማግስቱ ቀጠረኝ። እርስዎ ሻንጣ ገዝተው ነበር። እኔም ቤት ገብቼ፣ መቃ ብዕሬን የምቀርጽበትን ካራ ይዤ የእርስዎን መስመር ከብራናው ላይ ፋቅሁት። ብራና በደንብ ከፋቁት እንደ አዲስ ይሆናል፤ ያስተማሩኝ አያታችን ራሳቸው ናቸው። እርማት የሚሠራበትን ጥበብ እኔ ለጥፋት አዋልሁት። በማግስቱ ወሰድሁለት፤ ሊቀመንበሩ ገልጦ አየ፤ ስምዎን አላገኘም፤ ሄደ።

በፋቅሁበት ቦታ ላይ 1951 ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። ብዕሩን ነክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ሐሰቱን በወረቀት ጻፍሁት፤ በዳዊት ላይ ሐሰት መጻፍ ግን ፈራሁ። ቦታው ባዶውን ቀረ። በየቀኑ የምደግመው በዚያ ዳዊት ነው። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ስጨርስ እዘጋዋለሁ፤ ያንን ቅጠል አልገልጠውም።

ባለፈው ሳምንት አውጥቼ በፀሐይ አየሁት፤ በአጉሊ መነጽርም አየሁት። ምንም ፊደል አይታይም። ጎበዝ ፋቂ ነበርሁ።

በዚህ ዕድሜዎ ስድስት ፎቅ የሚወለውሉት በእኔ እጅ ነው። ክትባት ደጃፍ ላይ ያፈሩትም በእኔ እጅ ነው። እኔ ሽበቴ ታይቶ ተከተብሁ፤ የእርስዎን ሽበት የሚያምን አሳጣሁዎት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይበሉኝ።

የበደልሁዎ ስጦታው

*

ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስጦታው

አምላክ ካንተ ጋር ይሁን። ስድስት ሳምንት ያህል ዝም አልኩህ። ታምሜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ወረቀቱን እኔ ለምኜሃለሁ፤ በእሱ ተካፋይ ነኝ። ዳዊቱን ግን አልለመንኩህም። ያ ቅጠል ላይ የእኔ ስም ከእናቴ ልጆች ስም ጋር የተጻፈ መሆኑን እያሰብኩ ስንት ክረምት አልፌያለሁ መሰለህ። እዚህ ሁሉም በውሸት ሲጠራኝ፣ አንድ ቦታ እውነቱ ተጽፎ ተቀምጧል እል ነበር። አልነበረም። ይህን ስታነብ ትንሽ ይክፋህ፤ እኔም ከፍቶኛልና።

አማካሪዋን አነጋገርኳት። መጀመሪያ ያስመዘገብኩት ዓመት ይጸናል፣ ሌላ መንገድ የለም አለችኝ። ስለዚህ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ተከትቤያለሁ። ሰኔ አጋማሽ ላይ የስድሳዎቹ ተራ ሆኖ ስልኩም ተነሳልኝ። ቦታው የንግድ ትርኢት የሚታይበት አዳራሽ ነው፤ የሞጣ ገበያን ሁለት ጊዜ ይውጣል። መሬቱ ላይ ቀስት ተስሏል፣ ቀስቱን ተከትሎ መሄድ ነው። በሩ ላይ የተወለዱበትን ቀን አሉኝ፤ የወረቀቱን ነገርኳቸው። መዝጋቢዋ ጠየቀችኝ፤ የወረቀቱን ነገርኳት። ሦስተኛው ሐኪሙ ነበር። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው ብዬ አፌን ያዝኩ። «ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸ ነው፤ እኔ ግን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» አልኩት። በስልክ ካነጋገርኳቸውና ከአማካሪዋ በቀር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለጀርመን ሰው እውነተኛ ዕድሜዬን በአፌ ተናግሬ አላውቅም። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ጉልበቴን ጠየቀኝ፣ ልቤን ጠየቀኝ፣ ሥራዬን ጠየቀኝ። «እኔ ወረቀቱን መለወጥ አልችልም፤ ግን አምንዎታለሁ» አለኝ። ሌላው ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀመጥ እኔን ግማሽ ሰዓት አስቀመጠኝ። ውኃም አመጡልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ነርሷ መርፌው ያመመኝ መሰላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ ልልህ አልችልም። በማግስቱ ክንዴ አብጦ ፎቅ ስወለውል ነበር። ግን ወስኛለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ሥራ የለም። ጡረታው አራት ዓመት ይቆያል፤ እስከዚያ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ትንሽ ክፍል ተከራይቼ አጥብቤ እኖራለሁ። ሰባ ሁለት የሚሞላት ሴት ስድስት ፎቅ አትወለውልም። አለቃዬን «ደክሞኛል» አልኳት፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልፈለግሁም።

ይቅር ብዬሃለሁ። ባዶ አይደለም ግን፤ ንስሐ አለው። ያንን መስመር መልሰህ ጻፈው። ለጀርመን አይደለም፤ ጀርመን አትፈልገውም። ለእኔ ነው። አያታችን በጻፉበት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት ቀለም። ፎቶውንም ላክልኝ።

እኅትህ ይርጋነሽ

*

ቢቸና፣ ነሐሴ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእትዬ ይርጋነሽ

ጾመ ፍልሰታን ለማገባደድ ያበቃችን እመቤታችን ለእርስዎም ትድረስልዎ። ሁለተኛውን ክትባት ትናንት ወሰድሁ፤ መድኃኒቱ መጣልን። በዚህኛው ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ፤ ደጃፉ ላይ ነበር የቆምሁት።

ይቅርታዎን ምንይሉ ነው ጆሮዬ ሥር ጮክ ብሎ ያነበበልኝ። ዓይኔ ማየት ተስኖት አይደለም፤ ወረቀቱን አትሞ ሲያመጣልኝ ፍርድዎን ፈርቼ መልሼ ለእሱ ሰጠሁት። ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ ተቀመጠ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው፤ ጻፍ አሉኝ። ቀለሙን ራሴ በጠበጥሁት። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ፊደሉ ትንሽ ያዘነብላል፤ ፎቶው ላይ ካልታየዎት ይኸው እዚህ ገለበጥሁልዎ፦

«በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የእዮብ ልጅ ይርጋነሽ ሞጣ ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ ስመ ክርስትናዋ አመተ ሥላሴ ነው። ይህን አስቀድመው የጻፉት አለቃ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። የፋቅሁት እኔ ኃጥኡ ስጦታው ነኝ፤ እርሷ በሕይወት ሳለች መልሼ የጻፍሁትም እኔ ነኝ።»